ለቅሶዬን ኮሜዲ ያደረጉት ሰዎች

ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ አንድ ራሰ በራ ሰውዬ ድንኳን ውስጥ ደረቱን እየደቃ፣ «ፊልሙን ሳይሠሩ፣ ይቺን ፊልም እንኳ ሳይሠሩ» እያለ ሲያለቅስ ካያችሁ፣ እኔ ነኝ። ቪዲዮውን «ይሄ አንተ አይደለህም ወይ?» ብላችሁ የላካችሁልኝ ወዳጆቼ፣ ደርሶኛል፤ ደጋግማችሁ አትላኩ። የኳስ ቡድኑ የተሸነፈበት ሁሉ በእኔ እንባ ያለቅሳል። መብራት ሲጠፋ የምለቀቀው እኔ ነኝ። አንዲት ልጅማ ሽሮዋ ሲገነፍልባት እኔን ለጥፋ፣ ለሽሮ ያለቀስኩ አስመስላኛለች።

እኔ ለሽሮ አላለቀስኩም። ያለቀስኩት ለሰው ነው፣ ያውም ከልቤ። እስቲ ከመጀመሪያው ልንገራችሁና ፍርዱን እናንተው ስጡ።

ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው መታወቂያና የሐኪም ወረቀት ሳባዛ እውላለሁ። ቤቴ ቀጨኔ ነው። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቴ ጋሽ ድንቁ ይባላሉ፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በደህናው ጊዜ የቲያትር ሰው ነበሩ። መድረክ ላይ ንጉሥም ዳኛም ሆነዋል፤ አንዳንዴም ንጉሡን የሚገድለው ሰው ሆነዋል። ያኔ ማይክሮፎን ብሎ ነገር አያውቁም፤ ድምፃቸው በሩ ጋ የቆመውን ትኬት ቆራጭ ያስደነግጥ ነበር ይባላል። ድምፁ አሁንም አለ፤ የጠፋው መድረኩ ነው። እኛን ጎረቤቶቻቸውን ብቻ «ጨው አላችሁ ወይ?» ብለው ሲጠይቁ ከየቤቱ ጨው ይመጣላቸዋል። የሰፈሩ ልጆች ተዋናይ እንደነበሩ እንኳ አያውቁም፤ ጮክ ብለው የሚያወሩ ሽማግሌ አድርገው ነው የሚያውቋቸው።

እኚህ ሰው ስልካቸው ለዓመታት ዝም ብሎ ከርሞ፣ አንድ ቀን ከአንድ ፊልም ሠሪ ተደወለላቸው። ኮሜዲ ነው፣ ዘመኑ ስላለፈበት ተዋናይ ነው፣ ለእርስዎም የምትሆን ቦታ አለችን ተባሉ። የፊልሙን ስም አልጠራላችሁም፤ ማስታወቂያ አልሠራለትም። ዘመኑ ያለፈበትን ተዋናይ ሆኖ የሚሠራው ትናንት ጢም ያበቀለ ልጅ ነው። ፀጉሩ ላይ ዱቄት ነስንሰው አሸመገሉት። «ለምን ጋሽ ድንቁን አታደርጉም?» ሲባሉ፣ «እሳቸው ለቦታው ትንሽ አረጁ» አሉ አሉ። ዘመኑ ላለፈበት ሰው ማርጀት እንዴት እንቅፋት እንደሚሆን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ጋሽ ድንቁ ግን አልተቀየሙም። «አንድ ትዕይንት ናት፤ ግን ንግግር አላት» አሉኝ በአጥሩ በኩል። «ዝም ብሎ የሚያልፍ ሽማግሌ አይደለሁም። የሰፈሩ ሰው አንድ ጊዜ ስክሪን ላይ ይየኝና ከዚያ የፈለገው ይምጣ።» ኮታቸውን ላውንደሪ አስገቡ። ንግግራቸውን አንዴ በቁጣ፣ አንዴ በልመና፣ አንዴ በሹክሹክታ ሲለማመዱ በግድግዳው ይሰማኛል። በሹክሹክታ የተለማመዱትን ሳይቀር ሰምቻለሁ። ቀረጻው የሚመጣው ሳምንት ሰንዳፋ እንደሆነ ነግረውኝ ነበር።

አሁን ስለ እድራችን ድንኳን ላስረዳችሁ፣ ምክንያቱም ጥፋቱ ሁሉ ከእሱ ነው የሚጀምረው። የእኛ እድር ድንኳን ለሠርግ አይሰጥም፣ ለምርቃት አይሰጥም። አንድ ጊዜ ለሠርግ ወጥቶ ቀይ ወጥ ጠጥቶ ስለተመለሰ፣ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ፣ ሁለተኛ ለደስታ እንዳይቆም ተወስኗል። ስለዚህ ያ ድንኳን አንድ ደጃፍ ላይ ቆሞ ከታየ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሱቄን ዘግቼ፣ ዳገቱን እያለከለክሁ ወጥቼ ወደ ሰፈሬ ስታጠፍ፣ ድንኳኑ ጋሽ ድንቁ ደጃፍ ላይ ቆሟል። የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ወጥተዋል። ሰው ጥቁር ለብሶ ተቀምጧል። ጋሽ ድንቁ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት ብያችኋለሁ። ብቻውን ከሚኖር ሰው ቤት ማን ሊሞት ይችላል?

እንግዲህ «ለምን አልጠየቅክም?» የምትሉኝ አላችሁ። ሚስቴም ይህንኑ ነው የምትለው። እስቲ ንገሩኝ፣ የግድግዳ ጎረቤት ሆኜ ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ «ይቅርታ፣ ማን ሞቶ ነው?» ልበል? የጎረቤቱን ሞት ከመንገደኛ የሚጠይቅ ምን ዓይነት ሰው ነው? በእኛ አገር ለቅሶ እያለቀሱ ነው የሚገባው፤ ዝርዝሩ ከተቀመጡ በኋላ ይደርሳል። ደግሞም ሚስቴ በላይነሽ ጥቁር ለብሳ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሳያት አንገቷን ደፋች። ያገባኋት ሴት እኔን አይታ አንገቷን ከደፋች ሌላ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? ካሜራውንም አይቼዋለሁ፣ አልካድኩም። ግን አሁን አሁን ለቅሶም ይቀረጻል፤ ውጭ አገር ላለ ዘመድ ይላካል። እንዲያውም ጋሽ ድንቁ ውጭ አገር ዘመድ እንዳላቸው አለማወቄ ቆጨኝ።

እናም ገባሁ። የሱቄን ቦርሳ ወርውሬ፣ ጃኬቴን በትከሻዬ ጥዬ፣ እየጮህኩ ገባሁ። «ጋሼን፣ ወይኔ ጋሼን፣ ምነው ሳይነግሩኝ፣ ኮትዎን አሳጥበው፣ ፊልሙን ሳይሠሩ፣ ይቺን ፊልም እንኳ ሳይሠሩ።» እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የገዛ አባቴ ሲያርፉ እንዲህ አላለቀስኩም። አባቴ ሁሉን አይተው፣ ጠግበው ነው የሄዱት። እኚህ ሰው ግን አንዲት ነገር ቀርታቸው ነበር፤ ያቺ ነገር ናት ሆዴን የበላችው። ደረቴን መታሁ፣ ዘለልኩ፣ መሬት ላይ ልወድቅ ስል የሚይዘኝ ሰው እንኳ አልተነሳም። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

በዚህ መሐል የቤቱ በር ተከፈተና ጋሽ ድንቁ ብቅ አሉ። ፊታቸው ላይ የተቀባው ዱቄት ኮታቸውን እንዳይነካው አንገታቸው ዙሪያ ሶፍት ተሰክቷል።

«ማነው እንዲህ የሚያለቅስልኝ?» አሉ።

ሰው ሞቶ ሲነሳ አይቼ ስለማላውቅ ምን እንደሚደረግ አላውቅም። የድንኳኑን ምሰሶ ያዝኩ። ምሰሶው ግን እኔን አልያዘኝም፤ አብረን ሄድን። ድንኳኑ ግማሹ በካሜራ ሰዎቹ መብራት ላይ፣ ግማሹ በእድሩ ሊቀመንበር ላይ ወረደ። ሊቀመንበሩ ሁላችንም የወሰንነውን የጉባኤ ውሳኔ ጥሰው ድንኳኑን ለፊልም የሰጡ እሳቸው ስለሆኑ፣ በዚያ በኩል ቅር አላለኝም።

ከሸራው ስር ሲያወጡኝ ነገሩ ተገለጠልኝ። የሰንዳፋው ቤት ባለቤት ሐሳቡን ቀይሮባቸው ኖሮ፣ ፊልም ሠሪዎቹ የተባለውን ሳምንት ሳይጠብቁ ጠዋት ተነስተው ጋሽ ድንቁ ቤት መጥተዋል። ቤቱ ዘመኑ ያለፈበት ተዋናይ ቤት ይመስላል ብለው በጣም ወደውታል። የፊልሙ ታሪክ ደግሞ ተዋናዩ ማን እንደሚያለቅስለት ለማየት ሞትኩ ብሎ ሲያስወራ ነው። የሰፈሩን ሰው በለቀስተኛነት አስቀምጠውታል። ይህን ሁሉ ያልሰማሁ ሱቅ የዋልኩት እኔ ብቻ ነኝ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት በላይነሽን።

«ካሜራውን እንዳታዪ ተብዬ ነበር።»

«እኔን እዪ እንጂ ካሜራውን እዪ ማን አለሽ?»

«አንተ እኮ በካሜራው በኩል ነበርክ» አለችኝ፤ እንዲህ ያለ መልስ የምትሰጥ ሴት ናት።

ዳይሬክተሩ ኮፍያውን አዙሮ ያደረገ ወጣት ነው። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ እጄን ይዞ ይወዘውዛል። «ፋዘር፣ አንደኛ ኖት በቃ። "ፊልሙን ሳይሠሩ" ያሏት ነገር ከየት መጣችሎት? አንድ ጊዜ ይድገሙልን፣ አሁን ፊትዎን በቅርበት ነው የምናነሳው።»

«ለቅሶ ይደገማል እንዴ?» አልኩት። ቦርሳዬን ፍለጋ ዞርኩ።

ጋሽ ድንቁ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። «ስማኝ ልጄ፣ የእኔ ትዕይንት ካንተ ቀጥላ ናት። ፀሐይዋ ከገባች ለነገ ይሉኛል። ነገ ደግሞ ሌላ ሽማግሌ አያጡም። ስለ እኔ ብለህ አልቅስ።»

«ጋሼ፣ በሕይወት አሉ እኮ። አጠገቤ ቆመው እያየሁዎት እንዴት አድርጌ ላልቅስ?»

«እሱን እኔ አሳይሃለሁ» አሉና ለራሳቸው ለቅሶ ያለማምዱኝ ጀመር። «ከደረትህ አይደለም፣ ከሆድህ አምጣው። ስሜን ስትጠራ መጨረሻውን ጎትተው። ድንቁን አትቁረጠው፣ ጎትተው።» ሟች ለለቀስተኛ ትምህርት ሲሰጥ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ። ድንኳኑ ቀና ተደርጎ እንደገና ገባሁ። አልመጣልኝም። ይባስ ብሎ ሳቄ መጣ፣ ምክንያቱም ደስ ብሎኛል። ሰውየው አልሞቱም እኮ። ደጋግመው ሞከሩኝና ሲያቅታቸው ከዓይኔ ስር የጉንፋን ቅባት ቀቡኝ። ከዚያ በኋላ የወጣው እንባ የሐዘን ሳይሆን የቃጠሎ ነው። እሱን መቼም አልተጠቀሙበትም።

ከዚያ የጋሽ ድንቁ ተራ ደረሰ። እድርተኛ ሽማግሌ ሆነው ከለቀስተኛው መሐል ይነሳሉ። ግድግዳውን የሚያናውጥ ድምፅ ስጠብቅ በረጋ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመሩት። «ዝም በሉ። ሰው ሲሞት ነው የምትሰበሰቡት? ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ምን አለበት? ሻይ እኮ ነበረ።» ይቺው ናት። ዳይሬክተሩ «ከት» ብሎ ማስቆሙን ረሳው። በላይነሽ ካሜራውን እያየች ስላለቀሰች ትዕይንቱ ተደገመ፤ እሳቸውም ገና አሁን እንዳሰቡት አድርገው ደገሙት። እኔ ምሰሶዬን ተደግፌ ቆሜ፣ ይህ ሰው እንዴት ነው ጨው ሲለምን የከረመው እያልኩ ነበር።

ፊልሙ የወጣ ጊዜ ሰፈሩ ሚኒባስ ኮንትራት ይዞ ወረደ። ጋሽ ድንቁ ከሹፌሩ አጠገብ ጋቢና ተቀመጡ፤ ሁላችንም ይገባቸዋል አልን። ሲኒማ ቤት በእኔና በበላይነሽ መሐል ቁጭ አሉ።

ኮሜዲ ነው ብያችኋለሁ፣ አይደል? ዱቄታሙ ልጅ ወጣና በሙዝ ልጣጭ ተንሸራቶ ወደቀ። እኛ የቀጨኔ ሰዎች ነን፤ በክረምት ዳገት ላይ ሰው ሲንሸራተት ስናይ ነው የምንውለው፣ ያውም ያለ ሙዝ። ማንም አልሳቀም። ተነሳና ደግሞ ወደቀ። የት ቦታ እንደምንስቅ እንዳይጠፋን «ጧ» የሚል ድምፅ ከጀርባ አስገብተዋል። ከዚያ ቀዝቃዛ ሽሮ ብቻውን ሲበላ አሳዩን፤ «ጧ» አለ። ስልኩን እያነሳ ተደውሎለት እንደሆን ሲያይ አሳዩን፤ አሁንም «ጧ»። ምኑ ነው የሚያስቀው? ይህን ሁሉ ልጁ የሚሠራው ጋሽ ድንቁ አልጋ ላይ ተቀምጦ፣ በጋሽ ድንቁ ብርጭቆ እየጠጣ፣ ከጀርባው የጋሽ ድንቁ የንጉሥነት ፎቶ ተሰቅሎ ነው። አጠገቤ ያሉትን ሰውዬ ዞሬ ማየት አፈርኩ። እሳቸው ግን በትዕግሥት የራሳቸውን ቦታ ይጠብቃሉ።

ድንኳኑ መጣ። እኔ መጣሁ። «ፊልሙን ሳይሠሩ» ስል አዳራሹ ፈረሰላችሁ። ከኋላችን ያለ አንድ ሰውዬ በሳቅ ወንበሬን ይመታል። በላይነሽም እጇን አፏ ላይ አድርጋለች፤ አይቻታለሁ። በዚያ ፊልም ውስጥ ተዋናይ ያልሆነና እውነቱን የተናገረ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ የተሳቀውም በእኔ ብቻ ነው። ንዴቱ እስካሁን አልበረደልኝም።

ጋሽ ድንቁ ኮታቸውን ቆለፉና ወደ ፊት ጠጋ አሉ፤ ቀጥሎ እሳቸው ናቸው። ስክሪኑ ላይ ዱቄታሙ ልጅ ዶሮ ሲያባርር መጣ። ድንኳኑም የለም፣ ሽማግሌውም የለም፣ ሻዩም የለም። ቆርጠው አውጥተዋቸዋል። ሰዉ ገና በእኔ ለቅሶ ሳቁን አልጨረሰም። ጋሽ ድንቁ ጥቂት ጠበቁ፤ ምናልባት ከዶሮዋ በኋላ ይሆናል ብለው ይሆናል። ከዚያ ብድግ አሉ።

«ዝም በሉ» አሉ።

ያን ድምፅ በአጥር በኩል እንጂ አዳራሽ ውስጥ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሳቁ ባለበት ቆመ። «የሳቃችሁበት ሰው ተዋናይ አይደለም፣ ጎረቤቴ ነው። የሞትኩ መስሎት ለእኔ ነው ያለቀሰው። የምትስቁት እናንተ ማን ነው የሚያለቅስላችሁ?» ከዚያ ኮታቸውን ፈትተው ተቀመጡ። ከኋላ ማጨብጨብ ተጀመረና አዳራሹ በሙሉ ተነሳ። ዶሮዋን የሚያያት አልነበረም።

ስንወጣ ዳይሬክተሩን በር ላይ ያዝኩት። «የሳቸውን ለምን ቆረጥከው?» አልኩት።

«ፋዘር፣ ኮሜዲውን ያቀዘቅዘዋል።»

«የቱን ኮሜዲ?»

እኔን ትቶ ወደ ጋሽ ድንቁ ዞረ። «ማለቴ... ቅድም እንደተነሱት፣ እሁድ እሁድ እየመጡ እዚያችው ቦታ ላይ ቢነሱልን? ሰዉ በጣም ወዶታል» አለ። አያችሁ ድፍረት? ከፊልሙ ቆርጦ ያወጣውን ሰው ወንበር ላይ ሊያሠራው ነው። እዚህ የማይጻፍ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት ጋሽ ድንቁ ቀደሙኝ።

«በስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?» አሉ።

በመንገድ ላይ ተለማመጥኳቸው። «ጋሼ፣ ክብርዎን ነክተዋል እኮ» አልኩ። «ነክተዋል» አሉኝ፤ «ግን አዳራሹን ሰማኸው?» ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ከሰዓት እንሄዳለን። እንሄዳለን ያልኩት እኔም ስላለሁበት ነው። «ጎረቤቴ ነው» ሲሉ በእጃቸው የሚያመለክቱት ሰው ያስፈልጋቸዋል። በየሳምንቱ እየተሳቀብኝ፣ በየሳምንቱ ይከራከሩልኛል። ሥራ ቦታም ሰላም የለኝም፤ ክንዱ በጀሶ የታሰረ በሽተኛ ሳይቀር ካርዱን ኮፒ እያደረግሁለት «እስቲ አንዴ ያልቅሱልን» ይለኛል።

ባለፈው እሁድ ግን ሌላ ነገር መጣ። ፊልሙ እየሞተ ነው፤ መቼም ሕይወት ነበረው ከተባለ። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሁለት ጥንዶችና አንድ እንቅልፋም ሰውዬ ናቸው። ጥንዶቹ ፊልም ለማየት አልመጡም። ድንኳኑ መጣ፣ እኔ መጣሁ፣ ደረቴን ደቃሁ፣ ፊልሙን ሳይሠሩ አልኩ። ማንም አልሳቀም። ሁሉም ቪዲዮውን በስልኩ ጠግቦታል።

ጋሽ ድንቁ ኮታቸውን ቆልፈው ግማሽ ተነስተዋል። ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ። ዝም ላለ ሰው ዝም በሉ አይባልም። ዶሮዋ መጣች። የፊት ለፊቱን ወንበር ለቀው ቀስ ብለው ወደ መቀመጫቸው መመለስ ጀመሩ።

ሳቅሁ። በገዛ ለቅሶዬ፣ በገዛ እንባዬ፣ ወንበሩን እየመታሁ ሳቅሁ። እንቅልፋሙ ሰውዬ ባነነ። ጥንዶቹ ዞረው አዩኝ።

ጋሽ ድንቁ ቀጥ ብለው ቆሙ። ወደ አዳራሹ አልዞሩም፤ ወደ እኔ ነው የዞሩት። መድረክ ላይ እንዳሉ ሁሉ፣ ዓይናቸው ውስጥ መተዋወቅ የለም። «አንተ፣ ምን ያስቅሃል?» አሉኝ፤ ድምፃቸው እስከ በሩ ድረስ ሄደ። «ሰውየው እኮ ጎረቤቴ ነው። ለእኔ ነው ያለቀሰው። አንተ የሚያለቅስልህ ሰው አለህ?»

አንገቴን ደፋሁ። «ይቅርታ ጋሼ» አልኳቸው።